በአሜሪካ ከሌላ ስቴት ልጅን በጉዲፈቻ ለመውሰድ
በጉዲፈቻ የሚወስዱት ልጅ የሚገኘው በሌላ ስቴት ከሆነ፣ በመጀመሪያ በራስዎ ስቴት ፈቃድ ባለው ባለሙያ የወንጀል ምርመራን፣ የጤናና የገቢ ማስረጃን የሚያካትት የቤት ጥናት (ቤተሰቡ ልጅ ለማሳደግ ብቁ መሆኑን የሚያረጋግጥ ግምገማ) ያስጠኑ።

ብዙዎች የሚቸገሩት ቀጥሎ ባለው ደረጃ ነው። 50ዎቹም ስቴቶች በተቀበሉት፣ በምህጻሩ አይሲፒሲ በተባለው፣ ልጅን ከስቴት ወደ ስቴት መውሰድን በሚመራው የልጆች ምደባ ስምምነት መሠረት፣ 100ኤ የተሰኘው ቅጽ ከቤት ጥናቱ ጋር ተያይዞ በቅድሚያ ልጁ ላለበት ስቴት የአይሲፒሲ ቢሮ፣ ከዚያም ለእርስዎ ስቴት ቢሮ ይላካል፤ ሁለቱም ሳይፈቅዱ ልጁን ይዞ ከስቴቱ መውጣት ሕግን መጣስ ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃን ከሆስፒታል የተረከቡ ወላጆች ፈቃዱ እስኪደርስ አንዳንዴ ከሳምንት በላይ በዚያው መቆየት ስለሚኖርባቸው፣ ቀኑ ሊቀየር የሚችል የመመለሻ ትኬት እንዲገዙ፣ ማረፊያቸውም የሕፃኑን ጡጦ የሚያጥቡበትና የሚቀቅሉበት ማድቤት ያለው እንዲሆን አጥብቄ እመክራለሁ።

ወላጅ እናት ስምምነቷን የምትሰጥበትና የምትሽርበት ጊዜ በየስቴቱ ስለሚለያይ፣ የሁለቱንም ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ መያዝ ይገባል፤ ይህ እናቲቱንም የሚጠብቅ ነውና ወጪው አይቆጭም።

ልጁ ቤት ከገባ በኋላ የማኅበራዊ ሠራተኛ ክትትል ይደረጋል። ፍርድ ቤቱ ጉዲፈቻውን ካጸደቀ በኋላ አዲሱን የልደት የምስክር ወረቀት የሚሰጠው ልጁ የተወለደበት ስቴት ስለሆነ፣ ማመልከቻው ወደዚያ ይላካል።