አናቱ መላጣ፣ ጭራው ለምለም፦ የጥላ በረንዳ ተክሎች ችግርና መፍትሄ

ባህር ዳር ውስጥ የሰው በረንዳ ላይ ተክል ስሰቅልና ሳወርድ ዓመታት አስቆጠርኩ። ደብረ ማርቆስም፣ እንጅባራም፣ ፍኖተ ሰላምም ተጠርቼ ሄጃለሁ። የሚጠራኝ ሰው መጀመሪያ የሚለኝ አንድ ነው፦ «ጥላ ስለሆነ ነው መሰለኝ፣ አልሆንልህ አለኝ።» እኔ ግን ጥላ ብቻውን ተክል ሲገድል ያየሁት ከስንት አንዴ ነው። የሚገድለው ምርጫ ነው። ወይ ለፀሐይ የተፈጠረ ተክል ተገዝቷል፣ ወይ ደግሞ የጥላ ተክል ተገዝቶ የማይሆን ቦታ ተሰቅሏል።

የአበባ ዕቃው ከሥሩ ቀዳዳ ይኑረው፣ አፈሩን በጣት ነክቶ ማጠጣት፣ እነዚህን ታውቃላችሁ ብዬ ዘልያቸዋለሁ።

ከላይ መላጣ፣ ከታች ለምለም

ብዙ ጊዜ የምጠራው ለዚህ ነው።

መኒ ፕላንቱ፣ ሐረጉን ወደ ታች የሚያወርደው ተክል፣ ሲገዛ ጥቅጥቅ ያለ ነበር። 3 ወር ሳይሞላው የዕቃው አናት ላይ አፈሩ መታየት ይጀምራል። አራት አምስት ራቁት ሐረግ ብቻ ይቀራል። ቅጠሉ ያለው ከዕቃው ክንድ ያህል ወርዶ ነው። አዲሱ ቅጠል ከድሮው ያንሳል። በአንጓና በአንጓ መሃል ሁለት ጣት የነበረው ርቀት ስንዝር ሆኗል። ቢጫ ዝንጉርጉሩም ጠፍቶ ድፍን አረንጓዴ መጥቷል።

ሰው ይህን ሲያይ ማዳበሪያ ይጨምራል። እባካችሁ አትጨምሩ። ብርሃን የራበው ተክል ማዳበሪያ ሲያገኝ ይብሱን ይቀጥናል። የተረፈው ጨው ደግሞ አፈሩ ውስጥ ተጠራቅሞ ሥሩን ያቃጥላል።

ምክንያቱ የተሰቀለበት ከፍታ ነው። በረንዳ ላይ ብርሃን ከአናት አይመጣም፣ አናቱ ላይ ጣሪያ አለ። የሚገባው ከጎን ነው፣ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር። ስለዚህ ተክሉን ወደ ኮርኒሱ ባስጠጋችሁት መጠን ጨለማ ውስጥ ትከቱታላችሁ። የወረደው ጭራ ሰማይ ያያል፣ አናቱ ግን የሚያየው ኮርኒስ ብቻ ነው። ለዚህ ነው ከታች እየለመለመ ከላይ የሚመለጠው።

ማረጋገጥ ቀላል ነው። ወንበር ላይ ውጡ። ዓይናችሁን ከዕቃው አፍ ጋር እኩል አድርጉና ወደ ውጭ ተመልከቱ። ሰማይ ይታያችኋል? የጎረቤት ግድግዳና የጣሪያ ጠርዝ ብቻ ከታያችሁ ተክሉም የሚያየው እሱኑ ነው።

ቀበሌ 14 አካባቢ አንዲት እናት ስድስት መኒ ፕላንት በአንድ መስመር ሰቅለው ነበር። ሦስት ጊዜ አስቀይረዋል። በየጊዜው ሻጩን ነው የወቀሱት። «ልጄ፣ ይኸው ደግሞ አራተኛዬ ነው፣ ቤቱ እርግማን አለበት እንዴ?» አሉኝ። «እትዬ፣ እስቲ ወንበር ይስጡኝ» አልኩና ወጣሁ። ከዕቃው አፍ ሆኜ ሳይ አንዲት ጣት የምታህል ሰማይ እንኳ አትታይም። ስድስቱንም በሽቦ 60 ሴንቲ ሜትር አወረድናቸው። ሌላ ምንም አልነካንም። በሁለተኛው ወር ከራቁቱ ሐረግ አንጓ ላይ ቡቃያ ብቅ አለ። እኚያ እናት ቡቃያውን በጣታቸው ጫፍ ነካ አድርገው ዝም ብለው ቆሙ። አሁን ሲያዩኝ «ወንበር ላምጣ?» ይሉኛል።

ማውረድ ብቻውን ግን የተመለጠውን ቶሎ አይሸፍነውም። ረጃጅሙን ሐረግ ቁረጡት፣ አትሳሱለት። ሁለት ሦስት አንጓ ያለው ቁራጭ እያደረጋችሁ ውሃ ውስጥ አቁሙት። ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ውስጥ ሥር ያወጣል። ከዚያ እዚያው ዕቃ አናት ላይ፣ ባዶው አፈር ላይ ትከሉት። አንጓ የሌለበት ቁራጭ ወር ሙሉ ውሃ ውስጥ ቢቀመጥ ሥር አያወጣም። መቁረጥ ካልፈለጋችሁ አንዱን ሐረግ ወደ ላይ መልሳችሁ አፈሩ ላይ አዙሩትና በፀጉር ማስያዣ ሽቦ አንጓውን ከአፈሩ ጋር አጣብቁት። እዚያው ሥር ይሰዳል።

የዚሁ ችግር ሌላ መልክ አለ፤ እሱ ያናድደኛል። ደብረ ማርቆስ አንድ ካፌ ለእንቁጣጣሽ 12 ፔቱኒያ ገዝቶ በረንዳው ላይ ሰቀለ። ሲመጡ በሐምራዊና በነጭ አበባ ተሸፍነው ነበር። ጥቅምት ሲገባ አንድም አበባ አልነበረም፣ ክር የመሰለ ግንድ ብቻ ወደ መንገዱ ተንጠራርቶ ቀረ። ባለቤቱ ሌላ 12 ሊገዛ ሲል ነው የደወለልኝ። ፔቱኒያ በቀን 6 ሰዓት ያህል ቀጥታ ፀሐይ ይፈልጋል። ጄራኒየምም እንደዚያው ነው። እዚያ በረንዳ ላይ በቀን ለአንድ ሰዓት እንኳ ፀሐይ አይገባም። አበባው የመጣው ከችግኝ ጣቢያው ፀሐይ ነው፣ እሱ ሲያልቅ አለቀ። ሻጩ «ጥላም ይችላል» ብሎ ሸጦለታል። ተክል የምትሸጡ ሰዎች፣ እንዲህ አታድርጉ። ሰው ገንዘቡን አውጥቶ፣ ልቡንም ሰጥቶ ነው የሚወስደው።

እንግዲህ ከመግዛታችሁ በፊት ጥላችሁን ለኩ። በጠራ ቀን፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ፣ ተክሉ በሚሰቀልበት ቦታና ከፍታ ነጭ ወረቀት ያዙ። እጃችሁን ከወረቀቱ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጉ። የእጃችሁ ጥላ ጠርዙ የተቆረጠ ከሆነ ብርሃኑ ብዙ ነው። ደብዘዝ ብሎ የእጅ ቅርጽ ከያዘ መካከለኛ ጥላ ነው፤ የጥላ ተክሎች የሚወዱት ይህንን ነው። ጥላው ጨርሶ ካልታየ ግን እዚያ ምንም አትስቀሉ። እዚያ ውስጥ ተክል ይቆይ ይሆናል እንጂ አይኖርም።

ለመካከለኛ ጥላ መኒ ፕላንት፣ ስፓይደር ፕላንት፣ ፈርንና ባለ ልብ ቅጠሉ ፊሎደንድሮን አሉ። ስፓይደር የአፍሪካ ተወላጅ ነው፣ ልጆቹን በክር አንጠልጥሎ የሚያወርደው። አንዱን ከገዛችሁ ለሰፈሩ ሁሉ ይበቃል። አበባ የግድ ካላችሁ ቢጎኒያ ውሰዱ። ጥላው ጠንከር ካለ ድፍን አረንጓዴውን መኒ ፕላንት ምረጡ። ቅጠሉ ላይ ያለው ነጭና ቢጫ እንደ አረንጓዴው ምግብ አይሠራም፣ ስለዚህ ዝንጉርጉሩ ሁልጊዜ የበለጠ ብርሃን ይጠይቃል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ መኒ ፕላንትና ፊሎደንድሮን ቅጠላቸው ሲታኘክ አፍና ጉሮሮ የሚያቃጥል መርፌ መሰል ነገር አለው። የሕፃን እጅ ወይም የፍየል አፍ እስኪደርስበት አታውርዱት። ትንንሽ ልጆች ካሉ ስፓይደሩን ምረጡ፣ እሱ አይጎዳም።

አፈሩ እርጥብ ሆኖ ቅጠሉ ይጠወልጋል

ይህ ሁለተኛው ነው። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይለሰልሳል፣ ተክሉ የጠማው ይመስላል። ሰው ያጠጣዋል። ይብስበታል። ከዕቃው አውጥታችሁ ሥሩን ብታዩት ጠቁሯል፣ ስትጎትቱት ቅርፊቱ ይላጣል፣ ይሸታል።

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ዋልካ፣ ማለትም ጥቁሩ የሸክላ አፈር ነው። የጎጃም ዋልካ ጤፍና ሽምብራ ያበቅላል፣ የተንጠለጠለ ዕቃ ውስጥ ግን ጠላት ነው። ሲረጥብ ያብጥና አየር ይዘጋል። ሲደርቅ ይሰነጠቅና ከዕቃው ጠርዝ ይላቀቃል። ያን ጊዜ ውሃ ስታፈሱ በስንጥቁ ወርዶ በቀዳዳው ይወጣል፣ ሥሩ ጋ አይደርስም። ጥላ ውስጥ ደግሞ ተክሉ ቀስ ብሎ ነው የሚጠጣው። ፀሐይ ላይ በ2 ቀን የሚደርቀው አፈር ጥላ ውስጥ ሳምንት ሊቆይ ይችላል።

የበሰበሰውን ሥር ቆርጣችሁ ጣሉ፣ አፈሩን በሙሉ ቀይሩ። እኔ የምጠቀመው 2 እጅ የበሰለ ኮምፖስት፣ 1 እጅ ቀይ አፈር፣ 1 እጅ የከረመ የሩዝ ገለፈት ነው። ፎገራ ቅርባችን ስለሆነ ገለፈቱ ባህር ዳር አይጠፋም። ካጣችሁ የደቀቀ ቀይ አሽ ይሆናል። ከሥር ጠጠር መደርደር አይረዳም። ውሃው ጠጠሩ ላይ ሲደርስ ቆም ይልና አፈሩ ውስጥ ከፍ ብሎ ይቀራል፣ ሥሩ የባሰ ይሰምጣል። ይህን ስንት ጊዜ እንደተናገርኩ!

ከዚያ በኋላ በቀን ቆጠራ አታጠጡ። ካጠጣችሁት በኋላ ዕቃውን ከሥሩ በመዳፋችሁ ደግፋችሁ ክብደቱን እወቁት። ሲቀል አጠጡ።

በሐምሌ ደረቀ

ውጭ ዶፍ ይዘንባል፣ ተክሉ ግን ቅጠሉ ተጠቅልሎ ይደርቃል። ሰው «ክረምት ነው» ብሎ ማጠጣት አቁሟል። ጣሪያው ግን ዝናቡን ይከለክለዋል። ክረምትም ቢሆን ክብደቱን እያያችሁ አጠጡ። በተቃራኒው የጣሪያው ጠርዝ ሥር የተሰቀለ ዕቃ የቆርቆሮው ውሃ በሙሉ ይወርድበትና አፈሩ ታጥቦ ያልቃል። ሁለት ክንድ ወደ ውስጥ አስገቡት።

ጥላ በረንዳ ላይ ያለ ፈርን በግንቦት ተቃጠለ

«ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ አያገኘውም» ይሉኛል። ያገኘዋል። እኛ ያለነው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የእኩለ ቀን ፀሐይ በስተሰሜን በኩል ነው የምታልፈው። ስለዚህ ወደ ሰሜን የዞረ በረንዳ፣ በጋውን በሙሉ ጥላ የነበረው፣ ሚያዝያ መጨረሻና ግንቦት ላይ ጠዋትና ከሰዓት ቀጥታ ፀሐይ ይገባዋል። ደመናው ገና ስላልመጣ ፀሐዩ ጠንካራ ነው። ፈርኑ ከጫፉ ጀምሮ ቡኒ ሆኖ ይፈረፈራል።

ወደ ደቡብ የዞረው ደግሞ የሚቃጠለው በታኅሣሥ ነው። ጣሪያው ከወለሉ 2 ሜትር ተኩል ከፍ ካለ፣ በታኅሣሥ እኩለ ቀን ፀሐዩ ወለሉ ላይ 1 ሜትር ከ70 ያህል ይገባል። እነዚህን ወራት ብቻ ዕቃውን ወደ ግድግዳው አስጠጉት። የተቃጠለውን ቅጠል ከሥሩ ቁረጡት፣ አይመለስም። ፈርን ከሥሩ አዲስ ያወጣል።

ፀሐይ ሳይነካው የቅጠሉ ጫፍ ከደረቀስ? መጋቢትና ሚያዝያ ከሆነ፣ በረንዳውም ኮርኒስ ከሌለው፣ የቆርቆሮው ሙቀት ነው። አውርዱት።

ደብረ ማርቆስና እንጅባራ

ባህር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ። ባህር ዳር ያማረበትን መኒ ፕላንት ይዛችሁ አትውጡ። ከ10 ዲግሪ በታች ብርድ ሲነካው ቅጠሉ ጠቁሮ ይወርዳል፣ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ሌሊት ደግሞ ለዚህ አያንስም። ደጋው የራሱ ዕድል አለው። አይቪና ፉሺያ ቀዝቃዛ ጥላ ይወዳሉ። ፉሺያ ደወል የመሰለ ቀይና ሐምራዊ አበባውን ወደ ታች ያወርዳል፤ ባህር ዳር ላይ በመጋቢት ሙቀት ያዝናል። ስፓይደር ሁለቱም ጋ ይሆናል፣ ውርጭ ብቻ አያግኘው።

ዕቃው ወደቀ

25 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ዕቃ አፈሩ ሲርስ ከ10 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል። ከዕቃው ጋር የሚሸጠው ቀጭን የፕላስቲክ መንጠቆ ይህን አይችልም። ባህር ዳር ፀሐይ በአንድ ዓመት ያደርቀውና ይሰባበራል። ገና ሲገዛ አውጥታችሁ ጣሉት፣ በሽቦ ተኩት። ኮርኒስ ላይ አትስቀሉ። ኮርኒስ ክብደት አይሸከምም፣ ከላዩ ያለውን አጣና ፈልጋችሁ መንጠቆውን እሱ ላይ አሥሩ። ጭቃ ግድግዳ ላይ ሚስማር አትመኑ። ብሎኬት ከሆነ በፊሸርና በቪቴ አጥብቁት። ከበር በላይና ሕፃን ከሚተኛበት በላይ በፍጹም አትስቀሉ። አንድ ቤት ዕቃው የወደቀው ልጅቷ ከተነሳች በኋላ ነበር፤ ትራሷ ላይ ተሰባብሮ አገኘነው።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር አንጓው ላይ ከታየ ነፍሳት ናቸው፤ በአልኮል በተነከረ ጥጥ ጠርጋችሁ በየሳምንቱ ድገሙ። በበጋ ቅጠሉ ነጠብጣብ ሆኖ ከሥሩ ቀጭን ድር ካለው፣ አውርዳችሁ ቅጠሉን ግራ ቀኝ በውሃ እጠቡት። ወፍ ፈርኑ ውስጥ ጎጆ ከሠራች ጫጩቶቹ እስኪበሩ በጠርዙ በኩል ብቻ አጠጡ።

አይቪ ስትገዙ ደግሞ ቅጠሉን ገልብጡ። ድሩ ከሥሩ ካለ እዚያው ተዉት፣ ዋጋው ቢቀነስላችሁም ቤት አታስገቡት።