ለቃሪያ ክሽክሽ የሳሙና ውሃ

የጓሮ ቃሪያችሁ ለጋው ቅጠል ተጨማዶ እጅ ላይ የሚጣበቅ ከሆነ ገልብጣችሁ እዩት። ክሽክሽ የሚባሉት የቅጠል ጭማቂ መጣጭ ጥቃቅን ነፍሳት ተደርድረው ታገኛላችሁ። ጎንደር ላይ ክረምቱ ሲወጣ ይብሳል፤ አጥቦ የሚጥለው ዝናብ የለማ!

በ1 ሊትር ውሃ 1 የሻይ ማንኪያ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጡና የቅጠሉን ጀርባ እስኪንጠባጠብ ርጩት። ሳሙናው የሚገድለው ሲነካቸው ብቻ ነው፤ ሰም መሰሉን ሽፋናቸውን አፍርሶ ያደርቃቸዋል። ስለዚህ ከላይ ከላይ መርጨት ልፋት ብቻ ነው። ከ4 ወይም 5 ቀን በኋላ ድገሙት፣ ያመለጠ አይጠፋም።

ጠራራ ፀሐይ ላይ አትርጩ፤ አመሻሽ ይሻላል። የዱቄት ሳሙናም ይቅርባችሁ፣ ቅጠሉን ይለበልበዋል። ጥቁር ነጠብጣብ ያለባት ቀይ ጥንዚዛ ካያችሁ ደግሞ እዚያ ጋ መርጨቱን ተዉት፤ ክሽክሹን በነፃ እየበላችላችሁ ነው።