ምርቱን የወደደው ማን ነው? የራስን ጉጉት ከገበያ ፍላጎት መለያ

ምልክት፦ ያየው ሁሉ ያደንቃል፣ የሚገዛ ግን የለም።

የዕለት ወጪን የሚመዘግብ የስልክ መተግበሪያ ሠርቼ ነበር። ላሳየሁት ሰው ሁሉ "ይህን ብታገኝ ወጪህን አትመዘግብበትም?" እያልኩ ጠየቅሁ። "እንዴታ!" ያላለኝ የለም። በሦስተኛው ሳምንት መዝገቡን ከፍቼ ሳይ በየቀኑ ወጪውን የሚያስገባው አንድ ሰው ብቻ ሆኖ አገኘሁት፤ እኔ ነበርኩ።

ምክንያት፦ ጥያቄዬ መልሱን ተሸክሞ ነበር የሄደው። ፊቱ በደስታ በርቶ ለሚጠይቅ ሰው "አልፈልገውም" ማለት ይከብዳል፤ ይሉኝታ ይይዛል። ማድነቅ ደግሞ ምንም አያስከፍልም። ሰዎቹ አልዋሹኝም፤ መልካም ተመኙልኝ። ምኞታቸውን እንደ ግዢ የቆጠርኩት እኔ ነኝ።

መፍትሄ፦ ምርትዎን አያሳዩ፤ ስሙንም አያንሱ። ስለ ነገ መጠየቁን ትተው ስላለፈው ይጠይቁ። እኔ እንዲህ ብዬ እንደገና ጀመርኩ፦

"ባለፈው ወር ገንዘብህ የት እንደገባ ሲጠፋህ ምን አደረግህ?"

"ምን አደርጋለሁ? ደመወዝ እስኪገባ ጠበቅሁ።"

ይህ ሰው ችግሩ አለበት፤ ነገር ግን ችግሩ ከመቀመጫው አላስነሳውም። አይገዛም። አንዲት ሴት ግን ከቦርሳዋ ደብተር አወጣች። ጠርዙ ተበልቷል፤ ገጹ በእጅ በተሰመረ መስመር ለሁለት ተከፍሎ የእሷ ወጪ በሰማያዊ፣ የባለቤቷ በቀይ ተጽፏል። ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ አብረው ይደምሩታል፤ ብዙ ጊዜ አይገጥምላቸውም። ያ ደብተር ከሰማሁት ሙገሳ ሁሉ ይበልጥብኛል። ሰው ማንም ሳይጠይቀው፣ በጎደለ መሣሪያም ቢሆን፣ በራሱ ጊዜ የሚታገለው ችግር ካለ ፍላጎቱ እውነተኛ ነው።

ከዚያ በኋላ ቀብድ ይጠይቁ። ገንዘብ ቢሆን ይመረጣል፤ ካልሆነም የአንድ ሰዓት ሥራ ወይም "ከአለቃዬ ጋር አገናኝሃለሁ" የሚል ቁርጥ ያለ ቀጠሮ ይሁን። አድናቂ ቀብድ ሲጠየቅ ወሬ ይቀይራል፤ ፈላጊ ግን መቼ እንደሚደርስለት ይጠይቃል።

ምልክት፦ ወሬው አገር ያዳርሳል፣ ሽያጩ ይንፏቀቃል።

ሰው ቆሞ የሚነዳው ባለሁለት ጎማ ሴግዌይ እ.ኤ.አ. በ2001 ሲተዋወቅ ፈጣሪው ዲን ካሜን በቀጣዩ ዓመት ማብቂያ በሳምንት 10,000 እንደሚመረት ተንብዮ ነበር። በ2020 ምርቱ ሲቆም በጠቅላላው የተሸጠው 140,000 ገደማ ነው፤ የ14 ሳምንት ትንበያ ማለት ነው።

ምክንያት፦ መሣሪያው ይሠራ ነበር፤ ድንቅ ምህንድስናም ነው። ነገር ግን እግሩ ለሚያደርሰው መንገድ 5,000 ዶላር ገደማ የሚከፍል ሰው ጥቂት ነው። መገረምና መፈለግ ከሩቅ ሲታዩ ይመሳሰላሉ።

መፍትሄ፦ ያጨበጨበውን ትተው የከፈለውን ይመልከቱ። ለሴግዌይ የከፈሉት በአብዛኛው ፖሊሶች፣ የጥበቃ ድርጅቶችና አስጎብኚዎች ነበሩ። ገበያው ያ ነበር፤ ጠባብ፣ ግን እውነተኛ። የእርስዎም ከፋዮች ካሰቧቸው የተለዩ ከሆኑ ዕቅድዎን ወደ እነሱ ያዙሩ።

ምልክት፦ አንድም ገዢ ሳይገኝ ብዙ ገንዘብ ወጥቷል።

ምክንያት፦ መሥራት ደስ ይላል፤ መጠየቅ ያስፈራል።

መፍትሄ፦ ሽያጩን ያስቀድሙ። ኒክ ስዊንመርን እ.ኤ.አ. በ1999፣ በኋላ ዛፖስ የተባለውን የጫማ መሸጫ ሲጀምር መጋዘን አልነበረውም። በሱቆች ያሉ ጫማዎችን ፎቶ እያነሳ በኢንተርኔት ለጠፈ፤ ሰው ሲያዝ ከሱቁ በሙሉ ዋጋ ገዝቶ ላከ። በየጥንዱ ቢከስርም ሰው ሳይለካ ጫማ እንደሚገዛ አወቀ። እንዲህ ያለውን ኪሳራ ሳልሳሳ እከፍላለሁ።

ምልክት፦ ይሸጣል፣ ገዢዎቹ ግን ዘመድና ጓደኛ ናቸው።

መፍትሄ፦ የሚያውቁዎትን ከዝርዝሩ ያውጡ። ከቀሩት ውስጥ ሳይለመን ዳግም የገዛ ስንት ነው?

መተግበሪያዬን ለሁለት ሰው የጋራ ድምር እንዲሆን አድርጌ እንደገና ሠራሁት፤ ባለደብተሯም ቀብድ ከፈለች። አንድ ቅዳሜ ማታ አገልግሎቱ ተቋረጠ። ስልኬ ጮኸ፤ እሷ ነበረች። ተቆጥታለች፤ ድምሩ ሊወጣላቸው አልቻለም።