የምርምር ድጋፍ በጀትን በፒችትሪ እንዴት መምራት ይቻላል

የምርምር ድጋፍ ሂሳብ ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው ገና የመጀመሪያው ክፍያ ሳይፈጸም ነው። ዋና ተመራማሪው በጀቱን የሚያውቀው በለጋሹ ስምምነት ላይ በሰፈረው ዝርዝር ሲሆን፣ የሂሳብ ሠራተኛው ደግሞ በተቋሙ የሂሳብ መደብ (ገቢና ወጪ በየዓይነቱ በሚለይበት ዝርዝር) ይመዘግባል፤ ሁለቱ የሚገናኙት የሪፖርት ቀን ሲደርስ ብቻ ከሆነ የአንድ ዓመት ደረሰኝ እንደገና መለየት ግድ ይላል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች ሁሉ ዓላማቸው አንድ ነው፦ እያንዳንዱ ብር በተመዘገበበት ዕለት የየትኛው ድጋፍና የየትኛው የበጀት ርዕስ እንደሆነ አብሮ እንዲጻፍ ማድረግ። ለምሳሌነት የተወሰደው በአገራችን በስፋት የሚሠራበት የሂሳብ ሶፍትዌር ፒችትሪ፣ በአዲሱ ስሙ ሴጅ 50 ነው።

በመጀመሪያ የስምምነቱን የበጀት ሰንጠረዥ ከፊትዎ አስቀምጠው ለእያንዳንዱ ድጋፍ አንድ "ጆብ" (ሶፍትዌሩ የአንድን ፕሮጀክት ሂሳብ ለብቻው የሚይዝበት መዝገብ) ይክፈቱ። የበጀት ርዕሶቹን፣ ማለትም የሠራተኛ ክፍያን፣ የመስክ ጉዞና የውሎ አበልን፣ የላቦራቶሪ ግብዓትን፣ መሣሪያንና የአስተዳደር ወጪን፣ በጆቡ ሥር "ፌዝ" (phase፣ የጆቡ ንዑስ ክፍል) አድርገው ያስገቡና የተፈቀደውን መጠን በግምት ወጪው ቦታ ይሙሉ። መሣሪያን ለብቻው መያዝ ይጠቅማል፤ ለምሳሌ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ኢንስቲትዩቶች ለውጭ አገር ተቋማት የሚፈቅዱት የ8 በመቶ የአስተዳደር ወጪ ሲሰላ የመሣሪያ ግዢ አይካተትም። ለየለጋሹ አዲስ የሂሳብ መደብ መክፈት ቀላል ቢመስልም አልመክረውም፤ ድጋፎቹ ሦስት ሲሆኑ የመደቡ ዝርዝር ሦስት እጥፍ ይሆናል፣ የተቋሙም አጠቃላይ ሪፖርት ይበታተናል።

ቀጥሎ የሚመጣው የዕለት ተዕለት ምዝገባ ነው። በግዢ፣ በክፍያና በጆርናል ማስገቢያዎች ላይ የጆብ ዓምድ አለ፤ ይህ ዓምድ ባዶ ሆኖ ሰነድ እንዳይመዘገብ ከሂሳብ ሠራተኛው ጋር አስቀድመው ይስማሙ። ለመረጃ ሰብሳቢዎች በቅድሚያ የተሰጠ ገንዘብ በስማቸው ተሰብሳቢ ሆኖ ይያዛል፤ ወጪ የሚሆነው በደረሰኝ ሲወራረድ ብቻ ነው።

ትልቁ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ምንዛሬ ላይ ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። አንድ ፕሮጀክት 20,000 ዶላር በ57 ብር፣ ሌላ 20,000 ዶላር ደግሞ በ120 ብር ተመንዝሮ ደረሰው እንበል። በድምሩ 1,740,000 ብር ቢያወጣና ቀድሞ የገባው ገንዘብ ቀድሞ ወጣ ተብሎ ቢሰላ፣ የመጀመሪያው 1,140,000 ብር 20,000 ዶላር፣ ቀሪው 600,000 ብር 5,000 ዶላር ስለሆነ ወጪው 25,000 ዶላር ነው። ሁሉንም በ120 ያካፈለ ሰው ግን 14,500 ዶላር ብሎ ሪፖርት ያደርጋል፤ በ10,500 ዶላር ልዩነት ኦዲተር ፊት መቆም ለማንም አይመኙም። ስለዚህ እያንዳንዱ ገቢ ሲመዘገብ የዶላሩን መጠን፣ ተመኑንና የባንኩን ማስረጃ ቁጥር በመግለጫው ላይ ይጻፉ፤ ለጋሹ የሚቀበለው ቀድሞ የገባው ቀድሞ የሚወጣበትን ስሌት ይሁን ወይስ አማካይ ተመንን፣ ከስምምነቱ ያረጋግጡና እስከ ፕሮጀክቱ ፍጻሜ በአንዱ ይጽኑ።

በየወሩ የባንክ ማስታረቂያ (የመዝገቡና የባንኩ ሂሳብ ማመሳከሪያ) ከተሠራ በኋላ የጆቡን የግምትና የእውነተኛ ወጪ ማነጻጸሪያ ያውጡ። የመንግሥት በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ሲሆን የለጋሹ ዘመን የራሱ ስለሆነ፣ ለለጋሹ የሚላከውን ሪፖርት በስምምነቱ ቀናት ይወስኑት። ሪፖርቱ "ቀሪ" የሚለው ገንዘብ ሁሉ ለሥራ ነጻ አይደለም፤ ያልተወራረደውን ቅድሚያ ክፍያና ታዝዞ ያልተከፈለበትን ዕቃ ቀንሰው ለዋና ተመራማሪው በአንድ ገጽ ያሳዩት። ሬኤጀንቱ (የላቦራቶሪ ኬሚካሉ) ገና ጉምሩክ ላይ እያለ ገንዘቡ እንደተረፈ ተቆጥሮ ለሥልጠና የሚውለው ይህ ቅነሳ ሲቀር ነው።

አንድ ርዕስ ሊያልቅ መቃረቡን ሪፖርቱ ካሳየ፣ ወጪውን ገንዘብ ወደቀረው ሌላ ርዕስ ማዛወር ያጓጓል። ይህን አያድርጉ። የበጀት ዝውውር ጥያቄውን ለለጋሹ አስቀድመው ይላኩ፣ ፈቃዱ በጽሑፍ ሲደርስ ግምቱን በጆቡ ላይ ያስተካክሉ፣ የደብዳቤውንም ቀንና ቁጥር ከስምምነቱ ጋር አያይዘው ያስቀምጡ።