አንድ ታካሚ በስንት እጅ ያልፋል? የጤና ባለሙያዎች ልምዳቸውን የሚለዋወጡበት ቡና እንዴት ይዘጋጃል

ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የሐረጎን ጠመዝማዛ የወጣ ሰው ግን መንገዱን በኪሎ ሜትር አይቆጥረውም። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ በዚያ ዳገት በሞተር ሳይክል የወጣ አንድ የደም ናሙና ነው።

ያኔ ኮምቦልቻ ነርስ ነበርኩ። ስኳር ያለባቸው አንድ አባት ደከመኝ ብለው መጡ። ደም ቀዳሁና ፖታሲየም (መጠኑ ሲዛባ ልብን የሚያውክ በደም ውስጥ ያለ ማዕድን) እንዲታይ ወደ ደሴ ተላከ። ማምሻውን ውጤቱ በስልክ ተነገረን፦ 7.1። ጤነኛ ሰው ላይ ከ3.5 እስከ 5 አካባቢ ነው፤ 7 ከገባ ልብ ሊያቆም ይችላል። ሐኪሙ ደነገጠ፣ ቤተሰቡ መኪና ኮንትራት ያዘ፣ በሌሊት ሐረጎን ወጡ። ደሴ ላይ እንደገና ተቀድቶ ሲታይ 4.3። አባት በዚህ ሁሉ ግርግር መሃል "እኔ እኮ ደክሞኝ ነው እንጂ ይሄን ያህል አላመመኝም" ይሉ ነበር።

ነገሩ ኋላ ላይ ነው የገባን። በቀጭን መርፌ ቀድቼ፣ ደሙን ከሲሪንጅ ወደ ቲዩቡ በኃይል ገፍቼዋለሁ። ቀይ የደም ሴል ሲፈነዳ በውስጡ ያለው ፖታሲየም ይፈስሳል፤ መዘግየቱና የመንገዱ መናጥ ደግሞ ጨመሩበት። የላቦራቶሪ ባለሙያው "ሄሞላይዝድ" (ሴሉ የፈነዳ ደም) ብሎ ወረቀቱ ጥግ ላይ ጽፎ ነበር፤ በስልክ የተነበበልን ግን ቁጥሩ ብቻ ነው። አቀዳዴን የማውቀው እኔ፣ የናሙናውን መልክ ያየው እሱ፣ ታካሚው ፊት የቆመው ሐኪሙ። ሦስታችንም አንዳንድ ቁራጭ ይዘን ነበር፤ የሚገጣጥመው ጠፋ።

ደሴ ከተዛወርኩ በኋላ ከጥቂት ባልደረቦቼ ጋር በየሁለት ሳምንቱ አንድ ቡና ጀመርን። ብዙ ተሳስተን ነው መልክ የያዘው። እናንተም ጋ ለመጀመር የምታስቡ ካላችሁ እንዲህ አድርጉት።

ሰዎቹን በአፍ ጥሩ

ደብዳቤ አታውጡ። ደብዳቤ ከወጣ ስብሰባ ይሆናል፣ ስብሰባ ከሆነ ውሎ አበል ይጠየቃል። እየዞራችሁ በግል ጠይቁ። ከስድስት እስከ አሥር ሰው ይበቃል፦ ነርስ፣ ሚድዋይፍ፣ ላቦራቶሪ፣ ፋርማሲ፣ ጤና መኮንን ወይም ሐኪም። ከተገኘች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ትጨመር፤ ታካሚው ቤቱ ገብቶ መድኃኒቱን የት እንደሚያስቀምጠው የምታውቀው እሷ ናት። ካርድ ክፍልንም አትርሱ። እኛ ረስተን ነበር፤ ምን እንዳጣን ከታች እነግራችኋለሁ።

ቀኑ ሰኞ አይሁን፤ በገበያ ቀን ከየገጠሩ የሚመጣው ታካሚ ይበዛል። ዓርብ ቀትር ላይ ጁምዓ አለ። እኛ የያዝነው ረቡዕ ከሰዓት፣ ተረኛ ከመቀያየሩ በፊት ነው። ርዝመቱን ቡናው ይወስነዋል፦ በአቦል ታሪኩ ይነገራል፣ በቶና ጥያቄ ይነሳል፣ በበረካ ውሳኔ ይጻፋል። ከ45 ደቂቃ አይዘልም። በረመዳን ቡናው ይቀርና ሰዓቱ ወደ ጠዋት ይመጣል።

ያለቀ ጉዳይ ምረጡ፣ ትንሽ ይሁን

የመጀመሪያ ስህተታችን ብርቅ በሽታ መፈለጋችን ነበር። ብርቅ በሽታ ከመጣ ሐኪሙ ሌክቸር ይሰጣል፣ ሌላው ማስታወሻ ይይዛል፣ ቡናው ይቀዘቅዛል። የሚያስተምረው "ለጥቂት ተረፍን" የሚባለው ዓይነት ተራ ጉዳይ ነው። ታካሚው ከአልጋ የወጣ ይሁን። ሞት ያለበትን ጉዳይ ለዚህ ቡና አታምጡት፤ በተለይ የእናት ሞት በራሱ መመሪያ የሚመረመርበት መንገድ አለው።

ስም አይጠራም፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ደሴ ላይ ግን ስም አለመጥራት ብቻውን አይበቃም። "ፒያሳ ሱቅ ያላቸው፣ ልጃቸው አረብ አገር ያለች" ካላችሁ ግማሹ ቤት ሰውየውን አውቋቸዋል። "50 ዓመት ያለፈው ወንድ፣ የስኳር ታካሚ" በቂ ነው። ቴሌግራም ለቀጠሮ ማስታወሻ ይሁን። የታካሚ ፎቶ ወይም የካርድ ምስል እዚያ ላይ አይለጠፍ፤ ፊቱን ቆርጫለሁ ያለ ሰው የካርድ ቁጥሩን ረስቶ ሲለጥፍ በዓይኔ አይቻለሁ።

ታካሚውን ከእጅ ወደ እጅ ተከተሉት፤ ሐኪሙ መጨረሻ ይናገር

የነገሩ ልብ እዚህ ላይ ነው። ታካሚውን መጀመሪያ ያገኘው ሰው ይጀምራል፣ ቀጥሎ የነካው ይቀጥላል። ሐኪሙ መጨረሻ የሚናገረው ክብሩን ለመቀነስ አይደለም፤ አስቀድሞ ከተናገረ የሌላው ሁሉ ንግግር "እሱ እንዳለው ነው" ሆኖ ስለሚያርፍ ነው።

እያንዳንዱ ሰው ሦስት ነገር ይናገራል፦ ምን አየሁ፣ ምን አደረግሁ፣ ያኔ ያላወቅሁት ምን ነበር። ወርቁ ያለው ሦስተኛው ላይ ነው። ጠያቂው ደግሞ "ለምን እንዲህ አደረግሽ?" አይበል፤ "ለምን" ሲመጣ ሰው መከላከያ ፍለጋ ይገባል። "ሲስተር፣ ያኔ ምን ታይቶሽ ነበር?" ሲባል ግን ሰው ይፈታል።

የመጀመሪያው ቀን ማንም አፉን አልከፈተም። ሁሉም ስኒው ላይ አፍጥጦ ቀረ። የኮምቦልቻውን ፖታሲየም እንዳለ አወራሁት፣ መርፌዬን ጭምር። ስጨርስ ቡና የምታፈላልን ልጅ "አብሽሪ" አለችኝ፣ ቤቱ ሳቀ። ከዚያ የላቦራቶሪው ባልደረባችን ጉሮሮውን ጠረገና "የባሰም አለ" ብሎ ጀመረ፦ ከወይን ጠጁ ቲዩብ ወደ ቀዩ ደም የሚገለብጡ አሉ። ወይን ጠጁ ውስጥ ያለው፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ኢዲቲኤ ፖታሲየም የተቀላቀለበት ስለሆነ ውጤቱ ላይ ፖታሲየም ሰማይ ይነካል፣ ካልሲየም ይወድቃል። "ደም አነሰን ብላችሁ አትገልብጡ፤ ደውሉልኝ፣ በትንሹም እሠራዋለሁ" አለን። እኛ ደግሞ በትንሹ እንደሚሠራ አናውቅም ነበር።

እንዲህ ሲፈታታ የሚወጣውን አትገምቱትም። አንድ ቀን ሚድዋይፏ ያመጣችው ነገር አለ። የወለደች እናት ጣት ላይ ኦክሲሜትሩ (የደምን ኦክስጅን በመቶኛ የሚለካው መሣሪያ) 84 አለ፤ እናቲቱ ግን እየሳቀች ታወራለች። ጣቶቿ እስከ ጥፍሯ ድረስ ጥቁር ሂና ነበሩ፣ እጇም ቀዝቅዟል። ጠቆር ያለ ሂና የመሣሪያውን ብርሃን ያውካል፤ የቀዘቀዘ ጣት ላይም ደም በደንብ ስለማይመላለስ ንባቡ ይዛባል። እጇን አሙቃ፣ መሣሪያውን ሂና ወዳልነካው የእግር ጣት ስታዞረው 93። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ይህ ቁጥር እዚህ ብዙ አያስደነግጥም፤ መጽሐፉ ላይ ያለው 97 እና 98 ለቆላና ለባሕር ዳርቻ ሰው ነው።

የላቦራቶሪው ሰው ደግሞ ወባን አነሳ። ደሴ ላይ ስለሚሠራ ብዙ ሰው ወባን ይረሳል፤ ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡና ወደ ባቲ ሲወረድ ግን ሌላ አገር ነው። "ትኩሳት ያለበትን ሰው የት ትኖራለህ አትበሉት፣ ባለፉት ሳምንታት የት የት አደርክ በሉት" አለ። ቀጠለና፣ አንዳንዱ ፈጣን የወባ መመርመሪያ ታካሚው ከዳነ በኋላም ለሳምንታት ፖዘቲቭ ሊያሳይ ስለሚችል፣ በቅርቡ የታከመን ሰው በማይክሮስኮፕ እንድናይ ነገረን።

ፋርማሲስቷ የጠየቀችን ጥያቄ ግን ሁላችንንም ዝም አሰኘን፦ "አምፒሲሊን የሚባለውን አንቲባዮቲክ ስታዙ፣ ሰውየው በስንት ሰዓት እንደሚቅም ትጠይቃላችሁ?" ጫት መድኃኒቱ ከአንጀት ወደ ደም የሚገባውን መጠን ይቀንሰዋል፤ አሞክሲሲሊንም በመጠኑ ይነካዋል። ወሎ ላይ ተቀምጠን የታካሚን ታሪክ ስንቀበል ስለ በርጫ አለመጠየቃችን ይገርማል። አሁን "ሁለቱን አራርቃቸው" እንላለን። አቁም ብንለው እንደማያቆም እናውቃለን።

"ምንም ሆኖ አያውቅም" ስትሰሙ ቁሙ

ልምድ ያታልላል። አንድ ባልደረባችን "ሴፍትሪያክሶንን (አንቲባዮቲኩን) በሪንገር (በደም ሥር በሚሰጠው ፈሳሽ) ስሰጥ ዓመታት ሆነኝ፣ ምንም ሆኖ አያውቅም" አለ። ሪንገር ውስጥ ካልሲየም አለ፤ ሁለቱ ሲገናኙ ደለል ይሠራሉ፣ ጨቅላ ሕፃንን ደግሞ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ደንብ አወጣን፦ መጠንና መድኃኒት የተነሳበት ልምድ ሁሉ በረካው ከመጠጣቱ በፊት ከብሔራዊው የሕክምና መመሪያ ጋር ይመሳከራል። ማመሳከሩ የፋርማሲስቷ ሥራ ነው። ከመመሪያው የተጋጨ ልምድ እንደ ጥያቄ ይመዘገባል እንጂ እንደ ዕውቀት ይዞ የሚወጣ የለም።

አንድ ውሳኔ፣ አንድ ባለቤት፣ አንድ ደብተር

አምስት ውሳኔ ያሳለፈ ቡና አንዱንም አይፈጽምም። አንድ ምረጡ፣ ማን እንደሚያደርገውና እስከ መቼ እንደሆነ ጻፉ፣ የሚቀጥለው ቡና በዚያ ይጀመር። የፖታሲየሙ ዕለት የጻፍነው "ናሙናው ሄሞላይዝድ ከሆነ ላቦራቶሪ ቁጥሩን ሳይሆን እሱን አስቀድሞ ይናገራል" የሚል ነው። አንድ መስመር ነው፤ እስካሁን ይሠራል።

የካርድ ክፍሏን እትዬን የጠራናቸው ዘግይተን ነው። መጀመሪያ "እኔ ስለ ሕክምና ምን አውቃለሁ" ብለው እንቢ አሉ። ሲመጡ ያሉት ይህን ነው፦ "ልጆቼ፣ በአንድ ገበያ ቀን ሦስት ሰይድ መሐመድ፣ ሁለት መሐመድ ሰይድ ይመጣብኛል። እናንተ በር ላይ ቆማችሁ 'ሰይድ!' ትላላችሁ፤ ጆሮው ያልሰማው ሁሉ ይገባል።" ፋርማሲስቷ በስም መመሳሰል የተሳሳተ አንድ መድኃኒት እንደመለሰች ያኔ ነው የተናገረችው፤ ለወራት የላቦራቶሪ ስህተት ነው ብላ ይዛው ነበር።

የዚያን ቀን የተጻፈው፦ እትዬ የአያትን ስም በቀይ ይጽፋሉ፣ ሁላችንም ከነአያቱ እንጠራለን። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስንጠይቅ ግማሹ ካርድ ላይ ብቻ ነበር። ቀይ እስክሪብቶው አልቆ ለግዥ ጥያቄ ቀርቧል ተባለ። ከቡናው መዋጮ ላይ አንድ ደርዘን ገዝተን ሰጠናቸው።