ቴራሪየማችሁን የሚገድለው ጥም አይደለም

«ቅጠሉ ጠወለገ፤ ውሃ ልጨምርለት?» ጀማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ይህንን ነው። እባካችሁ፣ ቆይ! የአበባ ማሰሮ ከታች ቀዳዳ አለው፤ ቴራሪየማችሁ፣ ማለትም ተክል የምታሳድጉበት የመስታወት ዕቃ፣ የለውም። የገባው ውሃ እዚያው ይቀራል። በአፈሩ ውስጥ አየር የነበረበትን ክፍተት ሁሉ ይሞላዋል። ስሩ ይታፈንና ይበሰብሳል። የበሰበሰ ስር ደግሞ ውሃ መሳብ አይችልም። ስለዚህ ተክሉ ውሃ ውስጥ ቆሞ የተጠማ ይመስላል። እናንተም አዝናችሁ ትጨምሩለታላችሁ፤ በዚያው ያበቃለታል። ስንቱ ቆንጆ ፈርን (አበባ የሌለው ቅጠላም ተክል) በዚህ ሄደ!

ከማጠጣታችሁ በፊት ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ክተቱ። እርጥብ ከሆነ አታጠጡ። የበሰበሰ እንቁላል ከሸተታችሁ ታች ያለው አፈር አየር አጥቷል። ክዳኑን ክፈቱ። ከስር የተጠራቀመውን ውሃ በሲሪንጅ ሳቡት፤ የቀረውን በሶፍት አስመጥጡት። ሽታው አልለቅ ካለ አፈሩን መቀየር ነው።

«ከአፈሩ ስር ጠጠር አድርጌበታለሁ እኮ!» ይሉኛል። ጠጠሩ ውሃውን አያስወጣም። እንዲያውም ደቃቅ አፈር ውሃ ጠጥቶ እስኪጠግብ ድረስ ወደ ጠጠሩ በቀላሉ አይለቅም። ጥቅሙ ከታች የቆመውን ውሃ በመስታወቱ በኩል ማሳየቱ ነው። ውሃው አፈሩን ከነካ በዝቷል።

ክዳን ያለውን ቴራሪየም በየሳምንቱ ማጠጣትም ስህተት ነው። የለንደኑ ሐኪም ናትናኤል ዋርድ እ.ኤ.አ. በ1829 ገደማ በተዘጋ ጠርሙስ ውስጥ ፈርን በቅሎ ያገኘው ማንም ሳያጠጣው ነበር። ውሃው ይተናል፣ መስታወቱ ላይ ጤዛ ይሆናል፣ ተመልሶ ይወርዳል። ጤዛው ጠዋት ታይቶ ቀን ላይ ከጠፋ ደህና ነው። ቀኑን ሙሉ ተክሉን ከጋረደባችሁ ክዳኑን ለጥቂት ሰዓታት ክፈቱት። ጨርሶ ከጠፋና አፈሩም ከደረቀ፣ ያኔ በማንኪያ ጨምሩ። ከዚያ ጠብቁ።

ጤዛውን ለማድረቅ ብሎ ፀሐይ ላይ ማስቀመጥማ በፍጹም! መስታወቱ ሙቀቱን አምቆ ተክሉን ይቀቅለዋል። የሚስማማው ቀጥተኛ ፀሐይ የማያገኘው ብሩህ ቦታ ነው።

ቁልቋል ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ አትትከሉ። ይበሰብሳል።

የጓሮ አፈርም ይቅርባችሁ። ተጠቅጥቆ አየር ያሳጣል፤ የአረም ዘርና ነፍሳትም ይዞ ይመጣል። ማዳበሪያ አትጨምሩበት፤ ተክሉ ቶሎ አድጎ ዕቃው ይጠበዋል።

አዲስ ቴራሪየም ውስጥ እንጨቱ ላይ ነጭ ሻጋታ ቢወጣ አትደንግጡ፤ ብዙ ጊዜ በራሱ ይጠፋል። የረገፈውን ቅጠል ግን በወረንጦ ልቀሙ። ሻጋታው እሱንም ይመገባል።