የሚያቃጥልና የማያቃጥል ቃሪያ ጎን ለጎን ስትተክሉ እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

አንደኛው ንብን ያለ ጥፋቷ መውቀስ ነው። «የሚያቃጥለው አጠገቡ ስለነበር የፈረንጅ ቃሪያዬም አቃጠለኝ» የሚል ሰው አይጠፋም። ነገሩ እንዲህ አይደለም። የምንበላው የፍሬው ሥጋ የእናትየው ተክል አካል ነው፤ ንብ የአበባ ብናኙን ከየትም ብታመጣው የዘንድሮው ጣዕም አይቀየርም። የሚቀየረው ውስጡ ያለው ዘር ነው። የፈረንጅ ቃሪያችሁ አሁን ካቃጠለ፣ ዘሩ ድሮውኑ የተዳቀለ ነበር፣ ወይም ችግኝ ተቀላቅሎባችኋል። ለመብላት ብቻ ከሆነ ያለ ሐሳብ ጎን ለጎን ትከሉ።

ጣጣው ያለው ለከርሞ ዘር ሲያዝ ነው። የቃሪያ አበባ ወንዴውንም ሴቴውንም አንድ ላይ ስለያዘ በአብዛኛው በራሱ ብናኝ ፍሬ ይይዛል፤ ይህን የሰማ ሰው «አይዳቀልም ማለት ነው» ብሎ ይዘናጋል። ንብ ግን ካንዱ ወዳንዱ ስትዞር ነው የምትውለው። ማቃጠል ደግሞ በውርስ አሸናፊ ባሕርይ ነው፤ ከተዳቀለው ዘር የሚበቅለው ቃሪያ ማቃጠሉ አይቀርም።

መፍትሔው ቀላል ነው። አበባው ገና እምቡጥ ሳለ ቅርንጫፉን በስስ የሻሽ ከረጢት ሸፍኑት። ቀድሞ የፈነዳ አበባ ወይም የያዘ ፍሬ እዚያው ቅርንጫፍ ላይ ካለ ቀንጥሱት፣ አለዚያ ልፋታችሁ ከንቱ ነው። አልፎ አልፎ ነቅነቅ አድርጉት። ትንንሽ ፍሬ ሲይዝ ከረጢቱን አንሱና የፍሬው እጀታ ላይ ባለቀለም ክር እሰሩ። ክሩን «ኋላ አስራለሁ» ማለት የለም፤ ፍሬው ሲበዛ የትኛው የትኛው እንደነበር ይጠፋችኋል።

ፍሬውን በአረንጓዴው ቀጥፎ ዘር ማውጣትም አለ። ሙሉ በሙሉ ይብሰል፣ ቀይ ከሆነ ይቅላ፣ ቢጫ ከሆነ ቢጫ ይሁን። ድቅል ዘር (ሆን ተብሎ ከሁለት ዝርያ የተዳቀለ) ገዝታችሁ ከሆነ ደግሞ ከረጢቱም አያድናችሁም፤ ልጆቹ እናታቸውን አይመስሉም።

ማፋፈግ ሌላው ነው። በችግኞች መካከል 45 ሳንቲ ሜትር ያህል ተዉ፣ ረዣዥሞቹም አጫጭሮቹን ፀሐይ እንዳይጋርዱ። ቅጠል ከቅጠል ከተጋጠመ ክሽክሽ (የቅጠል ፈሳሽ የሚመጥ ጥቃቅን ነፍሳት) ቫይረስ ይዞ ካንዱ ወዳንዱ ይሻገራል። ሲጋራ የምታጨሱ ደግሞ ተክሉን ከመንካታችሁ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ የትንባሆ ቫይረስ ቃሪያንም ይይዛል (ለማቆም ሌላ ሰበብ አገኛችሁ)።

ስም አለመጻፍም አለ። ችግኝ ላይ ሁሉም ቃሪያ መንትያ ነው። በእርሳስ ጻፉ፤ የእስክሪብቶ ቀለም ፀሐይ ላይ ቶሎ ይለቃል።